ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት ለሚኒስትሩ የጽሑፍ ጥያቄ እንዲቀርብልን እንደራሴያችንን መጠየቅ እንችላለን?

ጮቄ ግርጌ፦

ይድረስ ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች።

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ጉዳዬ የማዳበሪያ አቅርቦት ነው። በቆሎ የሚዘራበት ጊዜ ሲቃረብ አርሶ አደሩ ስሙን አስመዝግቦ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ደረሰኙን በኪሱ ይዞ ወደ መጋዘናችን ይመላለሳል። እኛ የደረሰንን ያህል አከፋፍለን ስንጨርስ ለቀረው ሰው የምንሰጠው መልስ «ከላይ አልደረሰም» የሚል ብቻ ነው፤ ይህ «ላይ» የተባለው ቦታ ወደቡ ይሁን፣ መንገዱ ይሁን፣ ማዕከላዊ መጋዘኑ ይሁን ቁርጡን የነገረን አካል የለም። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ዩሪያው ቀድሞ ገብቶ ከዘር ጋር የሚገባው ዳፕ ወደ ኋላ ይቀራል (በዳፕ ፈንታ የሚመጣው ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ከሆነ ቆይቷል፣ ገበሬው ግን ዛሬም ዳፕ ነው የሚለው)።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላችን ከመራጩ ጋር ሲወያዩ ይህንኑ አንሥተን «ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ» ብለውን ተለያየን። በኋላ ከማኅበራችን አባላት አንዱ፣ በሌላ አገር እንደራሴዎች ለሚኒስትሮች በጽሑፍ ጥያቄ አቅርበው በጽሑፍ ምላሽ እንደሚቀበሉ ገልጾ፣ እኛም የእኛን ሰው ይህንኑ እንጠይቃቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን ሁላችንም ወደድነው። ደብዳቤውን ከመጻፌ በፊት ግን ለመረዳት የምፈልገው፣ ይህ በእኛ አገር ሕግ መሠረት አለው ወይ፣ በስብሰባ ላይ በቃል ከሚቀርበው ጥያቄስ በምን ይሻላል፣ ሚኒስትሩ ዝም ቢሉ ወይም «በሂደት ላይ ነው» ብለው ቢያልፉትስ ምን ይደረጋል የሚለውን ነው። የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ነገረ ሕግ፦

ሕጋዊ መሠረቱ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አካል አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው። አንቀጽ 76 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚወስነው ውሳኔ ሁሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን እነዚህ ድንጋጌዎች ሥልጣኑን የሰጡት ለምክር ቤቱ ነው እንጂ ለእያንዳንዱ አባል ለየብቻው አይደለም፤ ጥያቄው በምን መልክ እንደሚቀርብም ሕገ መንግሥቱ አይዘረዝርም፣ ያ ለምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ የተተወ ነው። ስለዚህ አባሉ የራሳቸውን ደብዳቤ በግላቸው ለሚኒስቴሩ ከሚልኩ ይልቅ፣ ጥያቄው በግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በኩል እንዲያልፍ ማድረጋቸው ክብደት ይሰጠዋል፤ ሚኒስቴሩ የአፈጻጸም ሪፖርቱን ይዞ የሚቀርበው ለዚሁ ኮሚቴ ነውና ጥያቄውን ሳይመልስ ቢቀር በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ፊት ለፊት ይጠብቀዋል። ከዚህ የከበደው መንገድ በንዑስ አንቀጽ 18 የተመለከተው ነው፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ይወያያል፣ ተገቢ መስሎ የታየውንም እርምጃ ይወስዳል። ከ547 መቀመጫ አንድ ሦስተኛ ማለት 183 ሰው ነውና ለአንድ ዞን ማዳበሪያ ይህን ያህል ፊርማ ይሰበሰባል ብዬ አላስብም።

እናንተ ከሕጉ ይልቅ ማስተዋል ያለባችሁ የጊዜውን ነገር ይመስለኛል። በአንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለ። እንግዲህ ገበሬው ዳፕ አጥቶ የሚጮኸው በግንቦትና በሰኔ፣ ዩሪያ አጥቶ የሚጮኸው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጩኸቱ ከመንደር ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ምክር ቤቱ ተዘግቷል፤ በመስከረም መጨረሻ ሲከፈት ደግሞ ሰብሉ እሸት ደርሷል፣ ጥያቄውም ያለፈ ነገር ሆኗል። ሚኒስትሩን መጠየቅ ያለባችሁ ግዥው በሚፈጸምበትና መርከብ ጅቡቲ በሚጠበቅበት ወቅት፣ ማለትም ገና በጥርና በየካቲት ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሊስተካከል የሚችል ነገርን ይመለከታል።

ባሕር ማዶ ያለ ጎጃሜ፦

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ እዚህ የጽሑፍ ጥያቄ የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ ጥቅሙንም ጉድለቱንም ቀርቤ ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። የታችኛው ምክር ቤት አባል ጥያቄውን ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያስገባል፤ ተራው ጥያቄ በሳምንት ገደማ ውስጥ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል፣ አባሉ ምላሽ የሚሰጥበትን ቀን ራሱ የሚቆርጥበት ዓይነትም አለ፤ ይህን ዓይነቱን ግን በቀን ከአምስት በላይ ማቅረብ አይችልም። ትልቁ ቁም ነገር ጥያቄውም ምላሹም ለማንኛውም ሰው በይፋ መታተሙ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ ዛሬ የተሰጠ ቁጥር ከዓመት በኋላ ከሌላ ቁጥር ጋር ተነጻጽሮ ሚኒስትሩን ያስጠይቃል፤ ሚኒስትሩ ቢቀየር እንኳ ምላሹ የመሥሪያ ቤቱ ሆኖ ይቀራል። በስብሰባ ላይ በቃል የሚሰጥ መልስ ይህ ጉልበት የለውም፤ ጭብጨባው ሲበርድ ምን እንደተባለ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ማምለጫ መንገዱም ብዙ መሆኑን ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። እዚህ መሥሪያ ቤቶች «መረጃው በማዕከል አልተጠናቀረም» ይላሉ፤ ወይም ምላሹን ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ ከ850 ፓውንድ በላይ ከሆነ መልስ ለመስጠት እምቢ ማለት ይችላሉ። ስለዚህ የጥያቄው አጻጻፍ ወሳኝ ነው። «የማዳበሪያ ችግር መቼ ይፈታል?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመቀናጀት በትኩረት እየተሠራ ነው» የሚል ምላሽ ታገኛላችሁ፤ እንዲያውም ጥያቄው ራሱ ይህን መልስ የሚጋብዝ ነው። በዚያ ፈንታ፣ ለመጪው መኸር ለአማራ ክልል ከተመደበው ኤንፒኤስ ውስጥ እስከ የካቲት 30 ከጅቡቲ የተጫነው ስንት ኩንታል እንደሆነ፣ በምሥራቅ ጎጃም ማዕከላዊ መጋዘኖች የገባው ስንት እንደሆነ፣ ቀሪውም በየትኛው ቀን ተጠቃሎ እንደሚገባ ቢጠየቅ፣ ለዚህ ያለው መልስ ወይ ቁጥር ነው ወይ ዝምታ። ዝምታውም ቢሆን ለሁሉም ይታያል። ደግሞም አንድ ጥያቄ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ ለምሳሌ አሲዳማ አፈር የሚታከምበትን የኖራ አቅርቦት ከዚሁ ጋር ብትጨምሩት፣ የሚመልሰው ሰው የቀለለውን መርጦ ስለ ኖራው ሦስት ገጽ ይጽፍና ማዳበሪያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል።

«በሂደት ላይ ነው» ለሚለው መልስ ጥሩ መላ ያገኘሁት ሕንድ ነው። የታችኛው ምክር ቤታቸው በቀን 20 ጥያቄዎችን ለቃል መልስ፣ እስከ 230 ደግሞ ለጽሑፍ መልስ ይይዛል። ከዚህም ሌላ ሚኒስትሮች በምላሻቸው ውስጥ የገቡትን ቃል ብቻ እየመዘገበ የሚከታተል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ አለው፤ «እናጣራለን» ያለ ሚኒስትር ቃሉን በሦስት ወር ውስጥ እንዲፈጽም ይጠበቅበታል፣ ካልቻለም ከኮሚቴው ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ አለበት።

የሞጣው፦

ሁላችሁም በጥሩ አስረድታችኋል፤ እኔ ግን በዕድሜዬ ያየሁትን ልጨምር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በፓርላማ አልፎ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ተነሣ፤ የእኛ አውራጃ ሞጣም ከዋነኞቹ የአመፁ ቦታዎች አንዱ ነበር። ነገሩ የተቋጨው አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሥተው፣ ውዝፍ ግብር ተምሮ ነው። ያን ጊዜም እንደራሴዎች ነበሩን። የገበሬውን ሥጋት ይዞ ለሚኒስትር የሚያቀርብ፣ ምላሹንም ይዞ ወደ አገር የሚመለስ የታወቀ መንገድ ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ደም መፍሰስ ነበረበት ወይ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ስለዚህ ሐሳባችሁን አልቃወምም።

የምጠራጠረው ሌላ ነገር ነው። እንደራሴው የሚቆጣጠሯቸው ሚኒስትር የራሳቸው ፓርቲ አመራር ሲሆኑ ሰውዬው ምን ያህል ይደፍራሉ? አንቀጽ 54 አባሉ ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል፤ መራጩ አመኔታ ካጣባቸውም ከቦታቸው ሊነሡ እንደሚችሉ እዚያው ተጽፏል። በተግባር ግን የተጠሪነት ነገር ወዴት እንደሚያደላ የምናውቀው ነው። ሌላው፣ ከዞን መጋዘን ወደ ታች ያለው ሥርጭት የክልሉ፣ የወረዳውና የራሳችሁ የማኅበራቱ ሥራ ነው። ሚኒስትሩ «እኔ ዞን ድረስ አድርሻለሁ፣ ከዚያ በታች ያለውን ክልላችሁን ጠይቁ» ቢሉ ልክ ናቸው። ያንን የሚጠይቀው የክልሉ ምክር ቤት አባል ነውና ሁለት ደብዳቤ ለሁለት እንደራሴ መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው። ጸሐፊው ደግሞ በመጀመሪያ የራሳችሁን መዝገብ አጥሩ፤ ስንት ኩንታል ጠይቃችሁ፣ ስንት በየትኛው ቀን እንደደረሳችሁ በገቢ ደረሰኝ ካልተያዘ የሚኒስቴሩን ቁጥር በምን ታስተያዩታላችሁ?

ጮቄ ግርጌ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼም ስለ መዝገቡ ያሉት እውነት ነው፣ የሦስት ዓመቱን የገቢ ደረሰኝ ከነቀኑ አውጥቼ በሠንጠረዥ እያሰፈርኩ ነው። በሰጣችሁኝ ምክር መሠረት ኖራውን ለጊዜው ትቼ ደብዳቤውን እንደሚከተለው አርቅቄዋለሁ፦

«ለመጪው የመኸር ወቅት ለምሥራቅ ጎጃም ዞን የተመደበው ኤንፒኤስና ዩሪያ እያንዳንዱ ስንት ኩንታል ነው? ከዚህ ውስጥ እስከ የካቲት 30 ወደ ዞኑ ማዕከላዊ መጋዘኖች የገባው ስንት ነው? ቀሪው ተጠቃሎ የሚገባበት ቀን መቼ ነው? የተከበሩ የምክር ቤት አባላችን ይህን ጥያቄ በግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በኩል በጽሑፍ እንዲያቀርቡልንና የምላሹን ቅጂ ለማኅበራችን እንዲያደርሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

የቀረ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ነገረ ሕግ፦

ጥሩ ተጽፏል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። «የምላሹን ቅጂ» ከሚለው ቀጥሎ «ምላሽ ያልተገኘ እንደሆነም ጥያቄው የቀረበበትን ቀንና የደብዳቤ ቁጥር» የሚል ይግባ፤ አለዚያ ዝም የተባላችሁ እንደሆነ ዝም መባላችሁን የምታስረዱበት ወረቀት አይኖራችሁም። ሁለተኛ፣ በእንደራሴው በኩል ያለው መንገድ ቢዘጋ ማኅበሩ ራሱ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት እነዚሁኑ ቁጥሮች ከሚኒስቴሩ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል መጠየቅ ይችላል፤ በአዋጁ መሠረት ምላሹ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ከተከለከላችሁም አቤቱታው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። የምክር ቤቱ የዕረፍት ወር በዚህ ዓመት በየትኛው ወር ላይ እንደሚውል ከአባሉ ጽሕፈት ቤት አጣርታችሁ ደብዳቤውን ከዚያ በፊት አስገቡ።