ላቲን የምትችሉ እስቲ እርዱን፣ የማን አጥንት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ጀርመን ቦን ሙዚየም ያለውን የጥንቱን የሮማ ወታደር የማርኩስ ኬሊየስን የመታሰቢያ ድንጋይ ከልጄ ጋር አይተን ፎቶ አንስተን መጣን፣ እሷ ትምህርት ቤት ላቲን ጀምራለች እኔ ጋር ያለው ግን ዲክሽነሪና ጎግል ትራንስሌት ብቻ ነው። አብዛኛውን ፈታነው፦ የቲቶ ልጅ፣ የቦኖኒያ ማለትም የዛሬዋ ቦሎኛ ሰው፣ የ18ኛው ሌጌዎን (የሮማ ክፍለ ጦር) የመቶ አለቃ፣ በ53 ዓመት ተኩሉ በቫሩስ ጦርነት ወደቀ፣ ያ በፈረንጆች 9 ዓ.ም የጀርመን ጎሳዎች በሮማዊው ጄነራል ቫሩስ የሚመሩ ሦስት ሌጌዎን የጨረሱበት ነው። (18ን አስር ብለው ከዛ ከሌላ አስር ላይ ሁለት ቀንሰው ነው የጻፉት፣ ግማሽ ቀን አደናበረን!)

የቆምነው "ኦሳ ኢንፌሬ ሊኬቢት" ላይ ነው። ቃል በቃል "አጥንት ማስገባት ይፈቀዳል" ይመስለኛል፣ ግን የማን? ድንጋዩ ላይ ግራና ቀኝ ነፃ ያወጣቸው ሁለት ባሮቹ ምስል አለ፣ ልጄ የነሱ ነው ትላለች፣ እኔ ደሞ ያሠራው ወንድሙ ፑብሊየስ ስለሆነ ምናልባት የወንድሜ አጥንት ከተገኘ ማለቱ ነው ብዬ ድርቅ ብያለሁ። ካቶሊክ ሴሚናሪ ላቲን የተማራችሁ፣ ሰዋስዉ ራሱ የማን አጥንት እንደሆነ የሚለይበት ነገር አለው ወይስ አንባቢው ነው የሚገምተው?