ታድሷል የተባለ የዋንዛ ቡፌ ልገዛ ነው፣ ምኑን ልይ?

ቤት አዳሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ አንድ የዋንዛ ቡፌ አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ሁለት መዝጊያና ሦስት መሳቢያ አለው። ሻጩ «የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው፣ እኛ ያደስነው ላዩን ብቻ ነው» ይላል። 45 ሺህ ብሎኝ 40 ላይ ቆሟል። ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። እኔ ደግሞ ስለ እንጨት ምንም አላውቅም። ምኑን ልይ?

የጉለሌው፦ በማብረቅረቁ እንዳትሸወጂ። እኔም አንድ ጠረጴዛ እንደዚያው አብረቅርቆብኝ ገዛሁ። በሁለተኛው ወር ጠዋት ጠዋት ምንጣፉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ማግኘት ጀመርኩ። ነቀዝ! ቀዳዳውን በሰጋቱራና በኮላ ደፍነው፣ ቀለም ቀብተው ነው የሸጡልኝ። ሻጩን ስጠይቀው «ቤትህ ነው የያዘው» አለኝ።

አሮጌው አናጢ፦ ልጄ፣ ፊቱን ተይው። ፊቱ ለገዢ የተሠራ ነው። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ጎትተሽ አውጪና ገልብጪው። ሥሩን ማንም አይወለውለውም። የእውነት አሮጌ ከሆነ፣ ጎኖቹ ከታች ሐዲዱ ላይ ሲመላለሱ ተበልተው ጎድጎድ ይላሉ። ቀጥ ብለው ሹል ጠርዝ ካላቸው የትናንት ሥራ ናቸው። ብሎኑንም እዪ። የጣሊያን ጊዜ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ነው። ያኔ እዚህ የምናውቀው የብሎን ራስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነበረው። የመስቀል ራስ ካየሽ ወይ ተቀይሯል ወይ ዕቃው አዲስ ነው። ጀርባው ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም ስስ እንጨት ተደራርቦ በኮላ የተጣበቀ ጣውላ፣ ከሆነም ለምን እንደሆነ ጠይቂ። ነቀዙን በተመለከተ፣ ቀዳዳው ውስጡ ጠቁሮ ከሆነ የድሮ ነው፤ ነጣ ያለና ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ግን ጥለሽው ሂጂ። ብቻ አሮጌ አይደለም ብለሽ አትናቂው፣ ሙሉ ዋንዛ ከሆነ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው።

ቤት አዳሽ፦ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ መሳቢያውን ገለበጥኩት። ሻጩ ፊቱ ቅይር አለ። ጎኖቹ ተበልተዋል፣ እንደ ጀልባ ሆድ። ጀርባው ግን አዲስ ኮምፔንሳቶ ነው፣ የመስቀል ብሎን በብሎን። «ምስጥ በልቶት ቀይረነው ነው» አለ። ይህን ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም ስለው «አልጠየቅሽም» አለኝ። 28 ብያለሁ። «ነገ ደውዪ» ብሏል።

የጉለሌው፦ አትደውዪ። ራሱ ይደውላል።