አዲስ ኔትቡክ ወይስ ያገለገለ ደህና ላፕቶፕ? እስኪ ተከራከሩልኝ

ታላቅ ወንድም፦
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፣ ላፕቶፕ ልገዛላት ብዬ ሁለት እቃ መሀል ቆሜ ቀረሁ። አንደኛው አዲስ ኔትቡክ ነው (ትንሽና ርካሽ ላፕቶፕ ማለት ነው)፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ 11.6 ኢንች፣ ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን ኤን4020፣ 4 ጂቢ ራም (የተከፈተውን ስራ የሚይዝበት ጊዜያዊ ቦታ)፣ 64 ጂቢ ኢኤምኤምሲ (ርካሽ የፋይል ማስቀመጫ)። ሁለተኛው ከድርጅት የወጣ ያገለገለ፣ 12.5 ኢንች፣ ኮር አይ5 8ኛ ትውልድ፣ 8 ጂቢ ራም፣ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ)። ዋጋቸው ለጥቂት ነው የሚለያየው፣ ሁለቱም ቀላል ናቸው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ አዲሱ ነው፣ ሌላ ሰው ሲጠቀምበት የኖረውን ነገር ለእህቴ መስጠት ደስ አይለኝም። ምን ትሉኛላችሁ?

ብሎን ፈቺ፦
ያገለገለውን ውሰድ፣ ጨርሻለሁ።
እሺ ላብራራ። እኔ ኮምፒውተር ስጠግን ነው የምውለው፣ እነዚህ ትንንሽ አዲሶች ዓመት ሳይሞላቸው እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ተበላሽተው አይደለም፣ "ስሎው ሆነብኝ" ተብለው። ከፍቼ ምን ላድርግለት? ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ ስቶሬጁም ተበይዷል። ባለቤቱን አይን አይኑን እያየሁ "ሲፈጠርም እንዲሁ ነው" እላለሁ። ዊንዶውስ 11 ራሱ ከ4 ጂቢ ራምና ከ64 ጂቢ ስቶሬጅ በታች አልቀበልም ነው የሚለው፣ ስለዚህ ያንተ አዲስ እቃ ከካርቶን በወጣባት ቀን የመጨረሻው መስመር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ምንም ሳትከፍትበት ከራሙ ግማሽ በላይ ሄዷል፣ ከዛ ብሮውዘር፣ ከዛ አንድ ፒዲኤፍ፣ ከዛ ዙም ስትጨምርበት ራሙ ሞልቶ ከስቶሬጁ መበደር ይጀምራል፣ ኢኤምኤምሲ ደግሞ አንድ ትልቅ ፋይል ሲገለብጥ ደህና ነው እንጂ ትንንሽ ነገር በብዛት ጻፍ አንብብ ስትለው ይተኛል። ያ ነው ሰው "ስታክ አደረገ" የሚለው።

ካርቶን ከፋች፦
ጋሼ ከአክብሮት ጋር፣ እርስዎ ጋ የሚመጣው እኮ ችግር ያለበት ብቻ ነው፣ ሀኪም ቤት የሚውል ሰው አገሩ ሁሉ በሽተኛ ይመስለዋል። በደህና የሚሰራው ቤቱ ነው ያለው።
የአዲሱን ጥቅም ማንም እያነሳ አይደለም። ባትሪው ዜሮ ሳይክል ነው፣ ገና ተሞልቶ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሊቲየም ባትሪ እኮ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሞልቶ ባዶ ከሆነ በኋላ አቅሙ ወደ 80 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ድርጅት ውስጥ አራት አምስት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው የት እንደደረሰ አስቡት። ሌላ፣ ኤን4020 የሚበላው 6 ዋት ነው፣ ብዙዎቹ ጭራሽ ፋን የላቸውም፣ ድምጽ የለም፣ አቧራ አይሞላበትም። ዋስትናም አለው። እና ደግሞ ለአንድ ፍሬሽማን የሚበቃው ምንድነው? ወርድ፣ ፓወርፖይንት፣ ፒዲኤፍ፣ ዩቲዩብ። ለዚህ አይ5 ምን ይሰራል።

ፔንግዊን፦
ሁለቱም ላይ ሊኑክስ ሚንት (በነጻ የሚገኝ የዊንዶውስ ምትክ) ጫኑበትና ክርክሩ ያልቃል 😂

ካርቶን ከፋች፦
አንተ ስለ ጥርስ ህመም ቢወራም ሊኑክስ ጫኑበት ነው የምትለው።

ብሎን ፈቺ፦
ዋስትና ያልከው ላም አለኝ በሰማይ ነው። የፋብሪካ ብልሽት ይሸፍናል እንጂ ዋስትና ይዘህ ሄደህ "ዘገየብኝ" ብትል ማን ይሰማሃል? መዘግየት ብልሽት አይደለም፣ እቃው እንደዛ ተደርጎ ነው የተሰራው።
ደሞ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም፣ እኔ ከመጀመሪያው አይቼዋለሁ። በፈረንጆቹ 2007 አሱስ ኢ ፒሲን ሲያወጣ 7 ኢንች፣ 800 በ480 ስክሪን፣ 4 ጂቢ ስቶሬጅ፣ አገሩ ሁሉ ጉድ አለ፣ እንዴት ታምራለች እንዴት ትቀላለች። በ2008 ኢንቴል አተም የሚባለውን ትንሽ ፕሮሰሰር አወጣና ሁሉም ፋብሪካ የራሱን አስከተለ፣ 10 ኢንች፣ 1 ጂቢ ራም፣ 1024 በ600፣ አንዳንድ ዊንዶ ከስክሪኑ በታች እየወረደ "ኦኬ" የሚለውን በተን መጫን አይቻልም ነበር፣ እየቀለድኩ አይደለም በኪቦርዱ ታብ ቁልፍ እየፈለግን ነው የምንጫነው። ከዛ ዊንዶውስ 7 ስታርተር የሚባል መጣ፣ ዎልፔፐር እንኳን መቀየር አይፈቅድም! በዛው ዘመን ቲንክፓድ ኤክስ200 የሚባል የቢዝነስ ላፕቶፕ የነበረው ሰው በኮር 2 ዱዎ ስራውን ይሰራ ነበር፣ ራሙን 8 ጂቢ አድርጎ፣ ኤስኤስዲ ሰክቶበት ከዛ በኋላ ዓመታት የገፋበት ሰው አውቃለሁ። የኢ ፒሲውን ግን ማን አቆየው? ኔትቡክ የሚለው ስም ከ2013 ወዲህ ጠፋ እንጂ እቃው አልጠፋም፣ ልብሱን ቀይሮ መጣ።

ካርቶን ከፋች፦
የ2008 አተም አምጥተው የዛሬውን መውቀስ ልክ አይደለም ጋሼ። በ2023 የወጣው ኤን100 የሚባለው አነስተኛ ፕሮሰሰር አራት ኮር (ስራ የሚሰራ ክፍል) ነው ያለው፣ እሱም 6 ዋት፣ ከ2016 እና 2017 ባለሁለት ኮር አይ5 አያንስም። አሁን ታዲያ ትንሽ አዲስ ገዛሁ ያለ ሰው ሁሉ ተሸወደ ልትሉ ነው?

ብሎን ፈቺ፦
ኤን100 በ8 ጂቢ ራምና በሚነቀል ኤስኤስዲ ካገኘህ እኔም እወስደዋለሁ፣ ምንም ጸብ የለኝም። ልጁ ግን ኤን100 አላለም፣ ኤን4020 ነው ያለው። ሁለት ኮር፣ ሁለት ትሬድ (ባንዴ የሚያስኬደው የስራ መስመር)። የ8ኛ ትውልድ አይ5-8250ዩ አራት ኮር ስምንት ትሬድ ነው። ሁለቱም አዲስ ስለተባሉ ብቻ አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው 😄

የተመነጠርኩት፦
እኔ ዩዝድ ገዝቼ ያየሁትን ልንገራችሁና ፍረዱ። ቆንጆ ላፕቶፕ፣ ኪቦርዱ የሚጥም፣ ሦስት ሳምንት ያለምንም ችግር ተጠቀምኩ። ከዛ ከነበረው ዊንዶውስ ይልቅ በንጹህ ልጫን ብዬ ፎርማት አደረግኩት፣ ዋይፋይ ሳገናኘው ስክሪኑ ላይ የማላውቀው ካምፓኒ ስም መጣና የመስሪያ ቤት ኢሜይልህን አስገባ አለኝ። ለካስ ድርጅቱ ሲሸጠው ከራሱ ሲስተም አላወጣውም፣ ሻጩ ደግሞ ኢንተርኔት ሳያገናኝ አልፎት ነበር። ሻጩ ስልክ አያነሳም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ፣ ስሜን ያወጣሁት ለዚህ ነው። ስለዚህ ብሎን ፈቺ ትክክል ቢሆንም ለሚያውቅ ሰው ነው ትክክል የሆነው፣ ለማያውቅ ሰው አዲሱ ይሻለዋል።

መምህርት፦
እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ የአንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቶችና ረጂዎችም ሁሌ የሚጨቃጨቁበት ነው። 30 ልጆች ያሉበት ክፍል አስቡ። ያገለገለ ሲመጣ አምስት ዓይነት ሞዴል፣ አራት ዓይነት ቻርጀር፣ አንዱ ኪቦርዱ የሌላ ቋንቋ፣ አንዱ ባትሪው 20 ደቂቃ። 45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 15ቱን ቻርጀር ሳከፋፍል ነው የማሳልፈው። አዲስ አንድ ዓይነት ትንንሽ ላፕቶፕ የመጣ ጊዜ አዎ ይዘገያሉ፣ ግን ሁሉም እኩል ነው የሚዘገዩት፣ አንዱን ካስተካከልኩ ሁሉንም አስተካክያለሁ። በዚህ ጉዳይ "ያገለገለ ሁልጊዜ ይሻላል" የሚል ሰው ክፍል ውስጥ ቆሞ አያውቅም ማለት ነው።

ብሎን ፈቺ፦
እህቴ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ግን ድርጅቶች ሲቀይሩ እኮ አንድ ዓይነት ሞዴል መቶውንም ሁለት መቶውንም ባንዴ ነው የሚያወጡት፣ ከዛ 30 አንድ ዓይነት መለየት ይቻላል፣ ችግሩ የሚሰበስበው ሰው ከየቦታው እየለቀመ ማምጣቱ ነው። እና ያቺን አዲስ 30 ላፕቶፕ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን ልታደርጓት ነው? ራም አይጨመርም፣ ስቶሬጅ አይቀየርም፣ 30ውም ባንዴ ቆሻሻ ነው። አንድ ላፕቶፕ አካባቢ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው ሲመረት የሚመጣ ነው፣ ስትጠቀምበት አይደለም።

መምህርት፦
እሱስ እውነት ነው። መጋዘናችን ውስጥ ያሉትን ባየሃቸው።

ፔንግዊን፦
ቁም ነገር ልናገር አሁን። ያገለገለ ስትገዙ 7ኛ ትውልድና ከዛ በታች ከሆነ ዊንዶውስ 11 በደንቡ አይቀበለውም፣ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ቆሟል። ስለዚህ ባለ 6ኛ ትውልድ በርካሽ ተገኘ ብላችሁ ስትሮጡ ይህችን አስቡ፣ ወይ ሊኑክስ ትጭናላችሁ ወይ መደበኛ ድጋፉ በቆመ ዊንዶውስ ትቀመጣላችሁ። በጎን መንገድ 11ን የሚጭን አለ፣ ግን ነገ አፕዴት እምቢ ሲለው እኔን እንዳትጠሩኝ። ታላቅ ወንድም ያንተው 8ኛ ስለሆነ አልፏል። እህትህ ግን ምንድነው የምትማረው? እስካሁን ማንም አልጠየቀም እኮ።

ታላቅ ወንድም፦
ሲቪል ኢንጂነሪንግ

ካርቶን ከፋች፦
🤦

ብሎን ፈቺ፦
አይ ወንድሜ! ይሄን ነገር መጀመሪያ ላይ ብትናገር ኖሮ እስካሁን ያን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ካርቶን ከፋች፦
አውቶካድ የሚባለው የኢንጂነሮች መሳያ ሶፍትዌር ዝቅተኛው 8 ጂቢ ራም ነው የሚለው። በ4 ጂቢ መስመር ስታሰምር መስመሩ ነገ ይመጣል። እጄን ሰጥቻለሁ፣ ግን በዚህ ብቻ! አካውንቲንግ ቢሆን ኖሮ ክርክሬ እንዳለ ነው።

ታላቅ ወንድም፦
ገና አንደኛ ዓመት ናት እኮ፣ አውቶካድ የሚመጣው በኋላ አይደል ብዬ ነው

መምህርት፦
በኋላ ሲመጣ ሌላ ልትገዛላት ነው? ሁለቴ ከሚገዛ።

ብሎን ፈቺ፦
በል ስማኝ። ያገለገለውን ለማየት ስትሄድ ቀን ሂድ፣ አትቸኩል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መጀመሪያ ሳታበራው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ከተወዛወዘ ወይ ተችፓዱ (በጣት የሚነካው የማውስ ሰሌዳ) ወደ ላይ ከተገፋ ባትሪው አብጧል፣ ተመለስ። ከዛ አብራውና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ግባ፣ ፓስወርድ ከጠየቀህ ሻጩ "ችግር የለውም" ቢልህም ተወው፣ የቢዝነስ ላፕቶፕ ባዮስ ፓስወርድ እንደ ድሮው ክብ ባትሪዋን ነቅለህ አይጠፋም። ባዮሱ ውስጥ አብሶሉት ወይ ኮምፒውትሬስ የሚል (ድርጅት ላፕቶፑን ከሩቅ የሚከታተልበት) አክቲቭ ሆኖ ካየህም እንደዛው። ከዛ የተመነጠረው ወንድማችን የነገረህን አስታውስ፣ ሻጩ ፊት ዊንዶውሱን ሪሴት አድርጋችሁ በስልክህ ኢንተርኔት አገናኘው፣ የድርጅት ስም ከመጣ አመስግነህ ውጣ፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል አዎ፣ ሻጩም ፊቱ ይጠቁራል፣ ይጥቆር። ባትሪውን ለማየት ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፣ ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን የሚሞላውን ጎን ለጎን ያሳይሃል፣ ከ60 ፐርሰንት በታች ከሆነ የባትሪ ዋጋ ቀንስልኝ በል። ስክሪኑ ሙሉ ኤችዲ አይፒኤስ (ከየትም አቅጣጫ ሲታይ ቀለሙ የማይለወጥ) መሆኑን እይ፣ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ርካሹን 1366 በ768 ነው የሚያዙት፣ ከጎን ወይ ከታች ስታየው ቀለሙ ከተለወጠ እሱ ነው። የራሙን ነገርም ጠይቅ፣ ላቲቲዩድ 7290 ላይ ራሙ ይነቀላል፣ ቲንክፓድ ኤክስ280 ላይ ግን እሱም ተበይዷል፣ ሁሉም ያገለገለ አንድ አይደለም። የቀረው ኪቦርዱን እያንዳንዷን ቁልፍ ተጫን፣ ዩኤስቢውን ሁሉ ሞክር፣ ካሜራውንም።

የተመነጠርኩት፦
ይሄን ከዓመት በፊት ብትጽፈው ምን ነበረበት ጋሼ

ካርቶን ከፋች፦
አያችሁ? ለአዲሱ እኮ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ካርቶን መክፈት ብቻ ነው። ይሄም ዋጋ አለው፣ የሰው ጊዜ ነጻ አይደለም።

ታላቅ ወንድም፦
ሄጄ መጣሁ። የመጀመሪያው ላይ ባዮስ ፓስወርድ አለው፣ "ማንም ባዮስ አይገባም እኮ" አለኝ ሻጩ፣ ወጣሁ። ሌላ ጋ ተመሳሳይ ትውልድ አገኘሁ፣ ራሙ የሚነቀል፣ ስክሪኑ አይፒኤስ፣ ሪሴት ስናደርገው ምንም ስም አልመጣም። ባትሪው 57 ፐርሰንት ነው፣ ሪፖርቱን ሳሳየው ሰውየው ራሱ እንደዚህ ዓይነት ነገር እንዳለ አያውቅም ነበር፣ ዋጋ ቀነሰልኝ። ክዳኑ ላይ የድርጅት ስቲከር ተነስቶ ቦታው ቀርቷል፣ እህቴ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ይሄ ምንድነው" ነበር፣ አሁን አበባ ለጥፋበታለች።

ካርቶን ከፋች፦
መልካም ነው ይባረክላት። ባትሪው ሲሞት እንገናኝ።

ብሎን ፈቺ፦
ሲሞት እኔ ጋ አምጣው፣ ብሎን ፈትቼ እቀይረዋለሁ። ያንተን ሰው ግን ራም ሊጨምር ሲመጣ ምን እንደምለው ታውቃለህ።