የዕቅድ ውይይት፦ ዚን እና የራስ ታሪክ በኮሚክ፣ በእድሩ አዳራሽ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዚን ሥልጠናችን ማመልከቻ ለወጣት ማዕከሉም ለእድሩ ኮሚቴም ነው የሚገባው። እስካሁን የተስማማነው፦ ቅዳሜ ከሰዓት፣ 6 ሳምንት፣ 20 ሰው። ግማሹ ወጣት፣ ግማሹ የሰፈሩ እናቶችና አባቶች። እያንዳንዱ ከራሱ ሕይወት አንድ ታሪክ በሥዕልና በጽሑፍ (በኮሚክ) ይሠራል፤ 8 ገጽ ያላት፣ በእጅ የተሠራች ትንሽ መጽሔት (ዚን) ይዞ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ኤግዚቢሽን። የጎደለውን ጨምሩበት። እባካችሁ «ጥሩ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥሩ ነው። ቀልዴን ነው። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ኮሚክ ሲባሉ የልጆች ጨዋታ ነው የሚመስላቸው፤ ምን ልበላቸው? ሌላው፣ ማተሚያ ቤት ዋጋ ላጠያይቅ ወይ? በባለቀለምና በወፍራም ወረቀት ከሆነ ያለ ስፖንሰር አንወጣውም።

የሥዕል መምህር፦ ጋሼ፣ ማተሚያ ቤት ፍለጋ አይልፉ። ዚን የፎቶኮፒ ቤት ልጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች እቤታቸው እያባዙ ይለዋወጡት ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ፐንክ የሚባለውን የሮክ ሙዚቃ የሚያዳምጡ ወጣቶች ፎቶኮፒ ማሽኑን ያዙት። አሳታሚ ደጅ የጠና የለም።

አሠራሩን ልንገራችሁ። አንድ ኤ4 ወረቀት 3 ጊዜ በግማሽ በግማሹ እናጥፋለን። ስንዘረጋው 8 እኩል ቦታ ይወጣዋል። መሐል ለመሐል ከሚሄደው ረጅም መስመር ላይ መካከለኛውን ግማሽ ብቻ በመቀስ እንቆርጣለን። መልሰን ስናጥፈው ያለ ስፌት፣ ያለ ስቴፕለር መጽሐፍ ይሆናል። የአንዱ ገጽ መጠን 7 በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወረቀቱ ሲዘረጋ 4ቱ ገጾች ተዘቅዝቀው ነው የሚታዩት፤ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚምታታበት። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን አጥፈን የገጽ ቁጥር እንጽፍበታለን፣ ከዚያ ዘርግተን እንሥላለን።

ንድፉን በፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እርሳስ ማውጣት ነው። ማሽኑ እሱን ብዙም ስለማያነሣው ላጲስ አያስፈልግም። በላዩ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ይሄዱበታል። ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተዉ፣ አለዚያ ማሽኑ ይቆርጠዋል። ሒሳቡ ደግሞ ይኸው፦ 20 ሰው 10፣ 10 ቅጂ ቢያወጣ 200 ወረቀት ነው። አንድ ደስጣ 500 ስለሆነ የተረፈው ለልምምድ ይሆነናል።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ ሽማግሌዎቹን ለኔ ተዉልኝ። የንግሥተ ሳባን ሥዕል አሳያቸዋለሁ፣ ያንን 44 ሳጥን ያለውን። ታሪኩ በሳጥን በሳጥን ነው የሚሄደው። ሰንሱልም አለ፦ ረጅም ብራና ወዲያና ወዲህ ታጥፎ በየእጥፉ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት፣ በእጅ የሚያዝ። ይህን ያየ ሰው «የልጆች ነው» አይልም። የዘመኑን ከፈለጉ አርት ስፒገልማን አባቱ ከናዚ ማጎሪያ የተረፈበትን ታሪክ በአይጥና በድመት ሥሎ በ1992 እ.ኤ.አ. ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። የኢራን ተወላጇ ማርጃን ሳትራፒም በአብዮቱ ዘመን ያሳለፈችውን ልጅነት በጥቁርና ነጭ ነው የሣለችው። ፎቶኮፒ ማሽን የሚወደው ዓይነት።

የሴቶች ተጠሪ፦ ወረቀቱ ገባኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ገመናው ነው። ሰው የራሱን ታሪክ ሲሥል የእናቱን፣ የትዳር ጓደኛውን፣ የጎረቤቱን አብሮ ያወጣል። ሰፈራችን ደግሞ ጠባብ ነው። አንዷ የጎረቤቷን ስም ባትጽፍም የበሯን ቀለምና የደረጃውን ስብራት ከሣለችው ማን እንደሆነች ጠዋት ይታወቃል። ከአረብ አገር የተመለሱ ልጆች ይመጣሉ። ቤተሰብ የሚያውቀው የላኩትን ብር ብቻ ነው፤ እዚያ ያዩትን አያውቅም። ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንግዳ ልንጠራበት ነው? «ኤግዚቢሽን» የሚለው ይውጣ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ከወጣ ኮሚቴው ምን አይቶ ይፈርማል?

የወጣቶች ተጠሪ፦ እትዬ ልክ ናቸው፤ እኔ ልጨምርበት። 10 ቅጂ ብቻ ነው ትላላችሁ፣ አንዱ በስልኩ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ከለቀቀው አለቀ። አዳራሹ ውስጥ የሰው ሥራ ፎቶ ማንሣት ይከልከል። ደሞ «የሕይወታችሁን ከባድ ቀን ሥሉ» ብላችሁ ከጀመራችሁ በቀጣዩ ቅዳሜ ማንም አይመጣም። ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ማትሪክ ውጤት ሌሊት፣ ስለ ፀጉራችን እንጀምር። የከበደው ካለ ራሱ ይመጣል።

የሥዕል መምህር፦ እስማማለሁ። የመጀመሪያው ልምምድ የልጅነት ቤት ካርታ ይሁን። በሩ የት ነው፣ ምድጃው የት ነው፣ ማን የት ይተኛ ነበር። «መሣል አልችልም» የሚል ሰው አራት መስመር ማስመር ይችላል። አልጋውን ሲያስቀምጥ ያ አልጋ ላይ ማን እንደነበር ትዝ ይለዋል፣ ታሪኩ እዚያ ይጀምራል። ሌላ ምክር፦ ሰዎቹ የሚሉትን ንግግር አስቀድመው ይጻፉ፣ በዙሪያው ያለውን ክብ ከዚያ ያክቡበት። ክቡ ከቀደመ ፊደሉ ተጨናንቆ አይነበብም።

የሴቶች ተጠሪ፦ ጽሕፈት የማይችሉ እናቶችስ? ሥዕሉን ራሳቸው ይሥላሉ፣ ጽሑፉን አንድ ወጣት ይጽፍላቸው። ግን ያሉትን ነው የሚጽፈው። «አሣምሬው ነው» ብሎ የራሱን አማርኛ እንዳያስገባ። ጽፎ ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ «እንዲህ አላልኩም» ካሉ ይሰርዝ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የኤግዚቢሽኑን አንቀጽ እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «እያንዳንዱ ተሳታፊ ሥራው በስንት ቅጂ እንደሚባዛና ለማን እንደሚደርስ ራሱ ይወስናል። አንድ ቅጂ ለራሴ ብቻ ማለትም ይቻላል። ዋናው ወረቀት በተሳታፊው እጅ ይቀራል። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ወላጅ ይፈርምለታል፤ ሆኖም ልጁ ሳይፈቅድ ሥራው ለወላጅም አይታይም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንደሚያከራክር አውቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያከራክራል። እኔም አባት ነኝ፣ ወደድኩት አልልም። ግን ይቆይ። ለኮሚቴው አንድ ባዶ ዚን አጥፌ እወስድላቸዋለሁ፤ እዚያው ቁጭ ብለው የእድሩን ድንኳን ይሥሉበት፣ ከዚያ ይፈርማሉ። ሻይና ቆሎ ግን በጀት ላይ ይግባ። ቅዳሜ ለቅሶ ከወጣ ደግሞ አዳራሹም ወንበሩም የእድሩ ነው፣ ያን ጊዜ የት ልንቀመጥ ነው?

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ እኛ ጋ 12 ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ አለ። ለቀሩት 8 ወንበር የሚያውስ ካለ እስከ ሐሙስ ይንገረኝ።