«ነርቨስ ሰው» በ1772፦ ፈርጣማ ወይስ ጭንቀታም?

ለመለማመጃ ብዬ አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የተጻፈው በፈረንጆቹ 1772 ነው። አንድ ቃል ግን አላሳልፍ አለኝ፦ «ነርቨስ» (nervous)፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ ጭንቀታም ወይም የተደናገጠ ማለት ነው።

ጸሐፊው መጀመሪያ ላይ የአንድ ሰባኪን አነጋገር «ነርቨስ» ይለዋል። እኔም «የተደናገጠ» ብዬ አልፌው ነበር። ቀጥሎ ያለው ግን ሁሉም ሙገሳ ነው! ግራ ቢገባኝ የሳሙኤል ጆንሰንን የ1755 መዝገበ ቃላት አየሁ። የመጀመሪያ ፍቺው «ጠንካራ፣ ብርቱ» ነው። ነርቩ የደከመ ወይም የታመመ የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እሱንም የሐኪሞች አነጋገር ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ለካ በላቲን «ኔርቩስ» መጀመሪያ ጅማት ማለት ነበር። ስለዚህ «ጅማተ ብርቱ አነጋገር» ብዬ አስተካከልኩት። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ያስኬዳል።

የባሰው ታች ነው። ስለ አጎቱ ሲያወራ «ረጅም፣ ነርቨስ ሰው ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ከቤት አልወጣም» ይላል። «ረጅም» ከሚለው ጋር ሳነበው ፈርጣማ ሰው ይታየኛል። ከቤት አለመውጣቱን ሳስብ ደግሞ ጭንቀታም ይመስለኛል። ዘመኑም አይፈርድልኝም፤ ሐኪሙ ጆርጅ ቼይን ስለ ነርቭ በሽታዎች የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በ1733 ነው፤ ስለዚህ የሕመሙ ፍቺም ያኔ አዲስ አልነበረም። ሁለቱንም የሚይዝ የአማርኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

የዘመኑን እንግሊዝኛ የምታነቡ፦ ቃሉ ስለ ክንድ ወይም ስለ አነጋገር ሳይሆን ስለ ሰው ሲባል፣ የ1770ዎቹ አንባቢ ቀድሞ የሚረዳው የቱን ነበር፣ ብርቱውን ወይስ ጭንቀታሙን?