ሶኬት ላይ አድራሻና ፖርት ማሰር፦ ባይንድ፣ 127.0.0.1 እና ስህተት 98

ብሩክ_ሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሲ የተጻፉ ሰርቨርና ክላየንት አሉኝ፤ ሁለቱም ቲሲፒ፣ ሁለቱም ሊኑክስ ላይ። ሰርቨሩ 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ)፣ ፖርት 8080 ላይ ባይንድ ያደርጋል፤ ማለትም ሶኬቱን (የግንኙነቱን ጫፍ) እዚያ ያስራል። ሁለቱም አንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ ያለችግር ይነጋገራሉ። ክላየንቱን ሌላ ማሽን ላይ አድርጌ የሰርቨሩን አይፒ ስሰጠው ግን ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይላል። ሰርቨሩን ዘግቼ ቶሎ ሳስነሳው ደግሞ ባይንድ በስህተት 98 (አድራሻው ተይዟል) ይወድቃል፤ ትንሽ ቆይቼ ስሞክር ይነሳል። ሌላው ግራ የገባኝ ክፍት ሶኬቶችን በሚያሳየው የኤስኤስ ትእዛዝ ሳይ የሚያዳምጠው ፖርት 8080 ሳይሆን 36895 መሆኑ ነው። ክላየንቱስ ባይንድ ያስፈልገዋል?

ሰላማዊት_ኔት፦
ብሩክ፣ አራቱም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። ሶኬት ሲፈጠር ስም የለውም፤ የአድራሻ ቤተሰቡ (የአድራሻው ዓይነት) ግን ይታወቃል። ባይንድ የሚሰጠው ስም አይፒና ፖርት አንድ ላይ ነው፤ ሌላው ፕሮሰስ የሚያገኘውም በዚሁ ስም ብቻ ነው።

ከፖርቱ ልጀምር። 8080 በሄክሳ 1ኤፍ90 ነው። ሁለቱ ባይቶች ቦታ ሲለዋወጡ 901ኤፍ ይሆናል፤ ይህም በአስርዮሽ በትክክል 36895 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በኤችቶንስ (ባይቶቹን በኔትወርኩ ቅደም ተከተል በሚያስቀምጠው ፈንክሽን) ሳያልፍ አድራሻውን የሚይዘው መዋቅር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ክላየንቱም ኤችቶንስ ስለሌለው ሁለቱ እዚያው የተሳሳተ ፖርት ላይ ይገናኛሉ፤ ለዚህ ነው ነገሩ ሳይታወቅ የሚቆየው። በፋየርዎል 8080ን ብትከፍት ወይም በብራውዘር ብትሞክር ግን ማንም አይመልስልህም። ሁለቱንም ኮድ አብረህ አስተካክል። መዋቅሩንም ከመሙላትህ በፊት በሜምሴት ዜሮ አድርገው።

ሪፊውዝድ የሚለው ከ127.0.0.1 ነው። እዚያ የታሰረ ሶኬት የሚታየው ከዚያው ማሽን ብቻ ነው። ከውጭ የመጣው ጥያቄ በኔትወርክ ካርዱ አይፒ ሲደርስ በዚያ ስም የሚያዳምጥ ስለሌለ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ወዲያው ይመልሰዋል። ፋየርዎል ፓኬቱን ዝም ብሎ ቢጥለው ኖሮ ቶሎ እንቢታ ሳይሆን ረጅም ጥበቃና ታይምአውት ነበር የምታየው፤ ይህን ልዩነት ያዘው፣ ብዙ ፍለጋ ያድናል። በሁሉም ካርዶች ለማዳመጥ 0.0.0.0 ላይ እሰር። ሰርቨሩ ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ከሆነ ግን የዚያን ካርድ አይፒ ብቻ ስጠው፤ ለሁሉም መክፈት ልማድ መሆን የለበትም። አይፒው በማሽኑ ላይ ከሌለ፣ ለምሳሌ ማሽኑ ሲነሳ ካርዱ አድራሻ ሳያገኝ ሰርቨሩ ከቀደመ፣ ባይንድ በስህተት 99 ይወድቃል።

ሊኑክሰኛው፦
ስህተት 98ን እኔ ልጨምር። ግንኙነቱን ቀድሞ የሚዘጋው ወገን ታይም-ዌይት (ከመዝጋት በኋላ ያለ የመጠበቂያ ሁኔታ) ውስጥ ይገባል፤ ሊኑክስ ላይ 60 ሰከንድ ነው። የዘገየ ፓኬት ከአዲስ ግንኙነት ጋር እንዳይቀላቀል፣ የመጨረሻው ማረጋገጫ ከጠፋም እንደገና እንዲላክ ነው። ሰርቨሩ ቀድሞ ስለሚዘጋ ስሙ ለዚያ ጊዜ እንደተያዘ ይቆያል። መፍትሔው ኤስኦ-ሪዩዝአድር የሚባለውን፣ አድራሻን እንደገና ለመጠቀም የሚፈቅደውን አማራጭ በሴትሶክኦፕት ማብራት ነው፤ የግድ ከባይንድ በፊት፣ ከኋላ ከሆነ ለዚያ ባይንድ ዋጋ የለውም። ሊኑክስ ላይ ሌላ ሶኬት በዚያው ስም እያዳመጠ ከሆነ ይህም አያስገባህም፣ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ያው አማራጭ በሕይወት ያለ ሰርቨርን ፖርት እስከ መንጠቅ ይደርሳል፤ ኮዱን ወደዚያ ስትወስድ አትቅዳው።

ክላየንቱ ባይንድ አያስፈልገውም። ኮኔክት ሲጠራ ከርነሉ ራሱ ጊዜያዊ ፖርት ይሰጠዋል፤ ሊኑክስ ላይ በነባሪ ከ32768 እስከ 60999 ካለው ውስጥ። ቋሚ ፖርት ብታስርለት ሁለተኛው ክላየንት እዚያው ማሽን ላይ አይነሳም። በነገራችን ላይ 36895 እዚሁ ክልል ውስጥ ነው፤ አንድ ወጪ ግንኙነት ቀድሞ ከያዘው ሰርቨርህ አንዳንዴ ብቻ አልነሳም ይላል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ያስቸግራል። ለሰርቨር ከ1024 በላይና ከ32768 በታች ምረጥ፤ ከ1024 በታች ያለው በነባሪ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ለሙከራ ፖርት 0 ላይ እሰር፣ ከርነሉ የመረጠውንም በጌትሶክኔም አንብብ።

ብሩክ_ሲ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ኤችቶንስና 0.0.0.0 ሠርተዋል። ሁለቱ ፕሮሰሶች ሁልጊዜ አንድ ማሽን ላይ ቢሆኑስ? የዩኒክስ ሶኬት (አንድ ማሽን ውስጥ ብቻ የሚሠራው) ስም ሲሰጠው ፋይል ይፈጥራል፣ ፋይሉም ከዚያ በኋላ አይጠፋም፣ እንደገና 98 ይመጣል። ከባይንድ በፊት በአንሊንክ ማጥፋት ይበቃል?

ሰላማዊት_ኔት፦
አይበቃም። እዚያ ስሙ የፋይል ዱካ ነው፤ ፕሮሰሱ ቢሞትም ፋይሉ ይቀራል። ዝም ብለህ ካጠፋህ ግን በሕይወት ያለውን ሰርቨር ስም ልታጠፋበት ትችላለህ፦ አሮጌው መሥራቱን ይቀጥላል፣ አዲስ ክላየንት ግን አያገኘውም፣ ስህተትም አያሳይም። መጀመሪያ ኮኔክት ሞክር፤ ስህተት 111 (ኮኔክሽን ሪፊውዝድ) ከመለሰ የሚያዳምጥ የለም፣ ያኔ አጥፋው። ሁለት ሰርቨሮች እኩል ሊነሱ ከቻሉ ደግሞ በተለየ ፋይል ላይ በኤፍሎክ ቁልፍ ያዝ። ዱካው ሊኑክስ ላይ ቢበዛ 108 ባይት ነው፤ ረጅም ዲሬክተሪ ውስጥ አትክተተው። ሊኑክስ ላይ ለመገናኘት በሶኬት ፋይሉ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማን እንደሚገባ በዚሁ መወሰን ትችላለህ።

ሊኑክሰኛው፦
ሊኑክስ ብቻ ከሆነ በዜሮ ባይት የሚጀምር ስም አለ፤ ፋይል አይፈጥርም፣ ሶኬቱ ሲዘጋ ስሙም አብሮ ይጠፋል። የፋይል ፈቃድ ግን አይጠብቀውም። ርዝመቱን በጥንቃቄ ቁጠር፦ ባይንድ የሰጠኸውን ርዝመት በሙሉ እንደ ስም ይወስዳል። ሰርቨሩ የመዋቅሩን ሙሉ መጠን ሰጥቶ ክላየንቱ የፊደሎቹን ብቻ ቢሰጥ፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ዜሮዎች ስሙን ሌላ ያደርጉትና 111 ይመለስልሃል።