«ተሸረሸረ»፣ «ቀነሰ» ወይስ «ተመናመነ»?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የክፍላችንን ዓመታዊ ሪፖርት እየጻፍኩ ነው። አንዱ ጡረታ ይወጣል፣ ሌላው የተሻለ አግኝቶ ይለቃል፣ በምትካቸው ግን ሰው አይቀጠርም። «የሠራተኛ መሸርሸር» ልበለው ወይስ «የሠራተኛ ቅነሳ»?

ቀለሜ፦
«መሸርሸር» ሸርሻሪ ይፈልጋል። አፈርን ጎርፍ ይሸረሽረዋል፣ እምነትን ውሸት ይሸረሽረዋል። እናንተ ጋ ግን ሰዉ በየምክንያቱ ነው የሚሄደው። «ተመናመነ» ይሻልሃል። ደን ይመናመናል፣ የዱር እንስሳት ቁጥር ይመናመናል። አንድ አንድ እያለ ሲሳሳ ማለት ነው።

እርማት ወዳዱ፦
«ቅነሳ»ን እንዳትነካው! «የሠራተኛ ቅነሳ» ካልክ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሰው አሰናብቷል ማለት ነው። አንባቢው ወዲያው «ማን ተባረረ?» ይላል። «የሠራተኛው ቁጥር ቀነሰ» እና «ሠራተኛ ተቀነሰ» ለየቅል ናቸው። በአንዲት «ተ» ምክንያት አለቃህ ዘንድ ልትጠራ ትችላለህ።

ዝምተኛው፦
«መነመነ»ም አትበል። እሱ ለአካል ነው፤ «በሕመም መነመነ» እንደሚባለው። ሠራተኞቻችሁ የከሱ ያስመስልብሃል።

ጠያቂ፦
ሃሃ፣ እሱም አልቀረልንም። «ፍልሰት»ስ? «ተሟጠጠ»ስ?

ቀለሜ፦
«የሠራተኛ ፍልሰት» ለቆ ወደ ሌላ ቦታ ለሄደው ጥሩ ነው፤ ጡረተኛው ግን ፈለሰ አይባልም። «ተሟጠጠ» ተጠራቅሞ ለነበረና እስከ መጨረሻው ጠብታ ላለቀ ነገር ይሆናል፦ በጀት፣ ጉልበት፣ ትዕግሥት። «ነጠፈ» ደግሞ ከምንጩ ሲቆም ነው፤ ወተቷ የቆመ ላም ነጠፈች ትባላለች። ፀጉር ይሳሳል፣ ቀለም ይደበዝዛል። (የኔ ፀጉር ከመሳሳት አልፏል፣ ይለፈን።)

እርማት ወዳዱ፦
እኔ ብሆን የስም ክምር ትቼ በግስ እጽፈዋለሁ። «የሠራተኛ መመናመን ሁኔታ መከሰት» ምናምን ማለት አንባቢን ማድከም ነው። ይህን ውሰድ፦ «በጡረታና በገዛ ፈቃድ በመልቀቅ ምክንያት የክፍሉ ሠራተኞች ቁጥር እየተመናመነ ነው። በለቀቁት ምትክ ቅጥር አልተፈጸመም።»

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ነው የፈለግኩት። «ቀስ በቀስ» ብጨምርበትስ?

እርማት ወዳዱ፦
አያስፈልገውም፣ «እየ» ሥራውን ጨርሷል። ይልቅ ዓምና ስንት እንደነበራችሁና ዘንድሮ ስንት እንደቀራችሁ ቁጥሩን አስገባ። አለቆች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።